ፍርድ ቤት በር ላይ ላሉት ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ

ማርቆስ ያላችሁ ወዳጆቼ፣ ይህን የምጽፈው አንድ አቤቱታ ጸሐፊ ለማመስገን ነው። ስማቸውን እንዳልጠራ ስለነገሩኝ "ጋሼ" እያልኩ እቀጥላለሁ። ፍርድ ቤቱ በር አካባቢ ከተደረደሩት ጸሐፊዎች ጫፍ ላይ ያሉት ናቸው። ዣንጥላቸው በአንድ ጎኑ ተቀዷል፤ በእሱ ትለዩዋቸዋላችሁ።

ባጃጅ ነጂ ነኝ። ከልጄ እናት ጋር ከተፋታን ሁለት ዓመት ሆነን። ስድስት ዓመት የሆናት ልጃችን ከእናቷ ጋር ደምበጫ ትኖራለች። የተፋታነው እዚሁ ስለሆነ መዝገቡም እዚሁ ነው። ለልጄ ቀለብ በወር 1,500 ብር ቁረጥ ተብዬ እቆርጥ ነበር። ለፋሲካ ልጄን ልውሰዳት ብል እናቷ እምቢ አለች። እኔም እልህ ያዘኝና ተቆራጩን ተውኩት። "ካላሳየችኝ አልከፍልም" አልኩ። ቡና ላይ ያማከርኳቸው ጓደኞቼ በሙሉ "ልክ ነህ" አሉኝ። አራት ወር እንዲህ ሄደ። ከዚያ የአፈጻጸም መጥሪያ መጣ፤ ውዝፉን በፍርድ ቤት ልታስከፍለኝ ማለት ነው።

መጀመሪያ ሌላ ጸሐፊ ዘንድ ነበር የሄድኩት። 600 ብር ተቀብሎ እናቷን ልክ ልኳን የሚነግር ሁለት ገጽ ጻፈልኝ። እውነቱን ልናገር፣ ሳነበው አንጀቴ ራሰ። የአያቴን ስም ግን ተሳስቶ ነበር። ላስተካክል ስመለስ ሰውዬው ምሳ ወጥቷል። ጋሼ ጋ የደረስኩት በዚህ ሰበብ ነው።

መነጽራቸውን አድርገው እስከ መጨረሻው አነበቡና ወረቀቱን አጥፈው መለሱልኝ። "ልጄ፣ ይህን ካስገባህ አልከፈልኩም ብለህ በራስህ ፊርማ አመንክ ማለት ነው። ለዳኛው የሚቀረው መፍረድ ብቻ ነው።" ትንሽ ቆዩና "ልጅቱ ቁርስ የምትበላው አንተ ያየሃት ቀን ብቻ ነው እንዴ?" አሉኝ። ምን ልበል?

ከዚያ ግማሽ ሰዓት ያህል አስረዱኝ። ቀለቡ የልጅቱ እንጂ የእናቷ ገንዘብ አይደለም። እናት ብታጠፋ ልጅ ጾሟን አታድርም። ልጅን ማየት ደግሞ ሌላ ጥያቄ ነው፤ በራሱ አቤቱታ ይቀርባል። "እሱም ቢሆን ያንተ መብት ብቻ አይደለም" ብለው ሕገ መንግሥቱን አንቀጽ 36 ጠቀሱልኝ። ልጅ ወላጆቹን የማወቅና የእነሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት አለው ይላል። የሰበር ችሎትን፣ የመጨረሻውን የፍርድ እርከን፣ መዝገብ ቁጥር 23632ንማ እንደ ዳዊት በቃላቸው ነው የሚሉት። ልጁን ለዓመታት ሳያሳድግ የቆየ አባት በኋላ ይሰጠኝ ብሎ ሲመጣ፣ ሰበር ችሎቱ የልጁን ጥቅም አስቀድሞ ካሳደገችው አክስቱ ጋር ይቆይ ያለበት ነው። "አራት ወርህ ዓመት እንዳይሆንብህ" አሉኝ።

"ከአምስት ዓመት በኋላ ልጅ ለአባት ነው ይባላል" ብዬ ሞከርኩ። ሳቁብኝ። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ እስከ አምስት ዓመት ከእናት ጋር ይሁን ይል ነበር እንጂ ከዚያ በኋላ ለአባት አላለም። አሁን ክልላችን አማራ የራሱ የቤተሰብ ሕግ አለው፣ አዋጅ ቁጥር 79/1995። ዳኛው የሚያየው ለልጅቱ የሚበጀውን ነው።

ገቢዬ ቀንሷል ስላቸውም "ታዲያ ይሻሻልልኝ ብለህ አታመለክትም? ማን ዝም ብለህ ተው አለህ?" ብለው ተቆጡኝ። ከገቢ ይህን ያህል በመቶ ይቆረጣል የሚል ሕግ የለም። የልጅ ፍላጎትና የከፋይ አቅም ይመዘናል። ነገሩ ሲለወጥ መጠኑም ይለወጣል። እናቷም ይጨመርልኝ ማለት ትችላለች ሲሉኝ ግን ይሻሻልልኝ ማለቱን ተውኩት።

ውዝፉን ተበድሬ በባንክ ከፈልኩ። ደረሰኙ ላይ "የልጅ ቀለብ" ብዬ ወሩን አስጻፍኩ፤ ይህም የጋሼ ምክር ነው። ድሮ ለአማቴ በእጅ የሰጠሁት ብርና የላኩት ጤፍ ምስክር ስላልነበረው ውኃ በልቶታል።

ከዚያ ልጄን ለማየት አንድ ገጽ ጻፉልኝ። አንድም ስድብ የለበትም። "በየጊዜው እንዳያት" ብዬ ነበር፤ ሰረዙት። በየሁለት ሳምንቱ፣ ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ሰዓት ከአያቷ ቤት ተቀብዬ፣ እሑድ አሥራ አንድ ሰዓት እዚያው እንድመልስ፣ የክረምቱን እረፍት እኩሌታም እኔ ጋ እንድትሆን ብለው አሰፈሩት። ቀንና ሰዓት የሌለው ትእዛዝ ለሌላ ጭቅጭቅ በር ይከፍታል አሉ። እናቷም ችሎት ላይ ብዙ አልተከራከረችም። ፈርታው የነበረው ወስጄ እንዳላስቀራት ነው ለካ። ዳኛው ከክረምቱ በቀር ሁሉንም እንዳለ ተቀበሉት።

የከፈልኳቸው 200 ብር ነው። እንከን የላቸውም አልልም። ቁጡ ናቸው። ጽሑፋቸው የእጅ ስለሆነ ኮምፒውተር ቤት ሌላ ገንዘብ ትከፍላላችሁ። ሚያዝያ 30 ለማርቆስ ንግሥ አትፈልጓቸው፣ በማግሥቱም አይመጡም። የንብረት ክፍፍል ወይም የአባትነት ክርክር ከሆነ ራሳቸው "ይሄ የኔ ሥራ አይደለም" ብለው ጠበቃ ዘንድ ወይም ወደ ዩኒቨርሲቲው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይልኳችኋል። ስትሄዱ የውሳኔውን ግልባጭ፣ የልደት ሰርተፍኬትና የባንክ ደረሰኞቻችሁን ያዙ። ያለ ወረቀት ከመጣችሁ አያናግሯችሁም።

ባለፈው ቅዳሜ ልጄን ይዣት ሄጄ ነበር። ዣንጥላው ሥር ቆማ ቀና አለችና "አባ፣ ሰማዩ ይታያል" አለችኝ። አዲስ ገዝቼላቸዋለሁ፣ ሰኞ እወስድላቸዋለሁ። ከሰኞ በኋላ የምትሄዱ እንግዲህ በቀዳዳው አትፈልጓቸው።