ሲ-ኖት የስፒከር ኪት፦ ሳጥኑ ቀላል፣ ቀለሙ ከባድ

ከዴይተን ኦዲዮ ሲ-ኖት ካርቶን ውስጥ ስፒከር አይወጣም። የሚወጣው የተቆራረጠ ኤምዲኤፍ (ከእንጨት ብናኝ የተጨመቀ ሰሌዳ)፣ ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጡ ሁለት ባለ 5 ኢንች ዉፈር፣ ቀጭኑን የሚያወጡ ሁለት ባለ 1 ኢንች ትዊተር፣ እንዲሁም ክሮስኦቨር፣ ማለትም ወፍራሙን ድምፅ ለዉፈሩ ቀጭኑን ለትዊተሩ የሚያከፋፍለው ማጣሪያ፣ የሚሠራባቸው ገና ያልተያያዙ ኮይሎች (የሽቦ ጥቅሎች)፣ ካፓሲተሮችና ሬዚስተሮች ናቸው። ኮላው፣ ብርጭቆ ወረቀቱ፣ ቀለሙ፣ መበየጃ ካውያውና አምፕሊፋየሩ የገዢው ዕዳ ነው። ሻጩ አሜሪካ ኦሃዮ፣ ስፕሪንግቦሮ የሚገኘው ፓርትስ ኤክስፕረስ ሲሆን ዴይተን ኦዲዮም የራሱ የንግድ ስም ነው። ዉፈሩ ዲኤስኤ135-8፣ ትዊተሩ ኤንዲ25ኤፍደብሊው-4 ይባላል፤ አንዱ ቢበላሽ በዚሁ ቁጥር ለብቻው ተፈልጎ ይተካል። ተሠርተው በሚሸጡ ርካሽ ስፒከሮች ላይ ይህ ዕድል ብዙ ጊዜ የለም።

ፍርዳችንን ከፊት እናስቀምጠው፤ ኪቱ ገንዘቡን ያወጣል። ነገር ግን የሥራው ክብደት ሰው በሚፈራው ቦታ ላይ አይደለም። ብዙው ሰው የሚፈራው ብየዳውን ነው። ሳጥኑ አንድ ምሽት፣ ክሮስኦቨሩ አንድ ከሰዓት ይፈልጋል፤ ቀለሙ ግን በትክክል ከተሠራ ሁለት ሳምንት ይበላል። ሳይቀባ መደርደሪያ ላይ የቀረ ጥሬ ኤምዲኤፍ ሳጥን ያየ ሰው ሥራው የት ላይ እንደሚቆም ያውቃል።

ገንዘቡ የገባው ክሮስኦቨሩ ላይ ነው። የዉፈሩ ሸራ፣ ማለትም እየተወዛወዘ ድምፅ የሚያወጣው ክፍል፣ አሉሚኒየም ነው። አሉሚኒየም ግትር ስለሆነ በሚሠራበት ክልል ውስጥ ንጹሕ ድምፅ ይሰጣል፤ ከዚያ በላይ ሲሄድ ግን እንደ ተመታ ሳህን ይጮኻል። ያንን ጩኸት ከጆሮ በታች የሚያወርደው ክሮስኦቨሩ ነው። የዚሁ ድርጅት የታወቀው ርካሽ ስፒከር ቢ652 ክሮስኦቨሩ ትዊተሩ ላይ የተቀመጠ አንድ ካፓሲተር ብቻ ነው፤ ዉፈሩ ያለ ምንም ማጣሪያ እንደ ፈለገ ይሄዳል። በሲ-ኖት ላይ ለሁለቱም በኩል ማጣሪያ አለ፣ የትዊተሩን ጉልበት ወደ ዉፈሩ ልክ የሚያወርድ ሬዚስተርም አለ። ስለዚህ «የተሻለ ካፓሲተር» ብሎ ሌላ ቁጥር ያለው መሰካት ማሻሻል አይደለም። 10 ማይክሮፋራድ የተጻፈበት ቦታ 10 ማይክሮፋራድ ይግባ፤ የካፓሲተሩ ማርካ ግን የማንንም እንቅልፍ መንሳት የለበትም።

ሳጥኑን ከማጣበቅ በፊት ያለ ኮላ አንድ ጊዜ ገጣጥሙት። የሚይዘው ጎድጎድ ስላለው ሰሌዳው ወዴት እንደሚገባ ራሱ ይናገራል፤ ቢሆንም የኋላውን ከፊት ቀይሮ ኮላ መቀባት የተለመደ ስህተት ነው። በእርሳስ «ላይ»፣ «ታች»፣ «ግራ» ብላችሁ በውስጥ በኩል ጻፉበት። ተራ የእንጨት ኮላ ይበቃል። ጎድጎዱን ሙሉ በሙሉ እንዲያረጥብ በቀጭኑ ቀቡ፤ ሲጠበቅ በመገጣጠሚያው ዙሪያ ጥቃቅን የኮላ ጠብታ ከታየ ልኩ ነው። ምንም ካልወጣ አየር ያሳልፋል፤ ከወረደ ደግሞ በዝቷል፣ በእርጥብ ጨርቅ ወዲያው ጥረጉት። ሞርሳ ከሌለ የቀለም ፕላስተር በደንብ ተወጥሮ ቢታሰር ይሠራል። ኮላው ሳይጨብጥ ከላይ ካንዱ ማዕዘን ወደ ተቃራኒው ማዕዘን በሜትር ለኩ፤ ሁለቱ ሰያፍ ልኬቶች እኩል ካልሆኑ ሳጥኑ ተጣሟል። ረጅሙን ሰያፍ በእጅ ገፋ አድርጎ ማስተካከል የሚቻለው በመጀመሪያዎቹ አምስት ደቂቃዎች ብቻ ነው። ስኳድራ ያለው በስኳድራ ያረጋግጥ። ከአንድ ሰዓት በኋላ ሞርሳው ሊፈታ ይችላል፤ ብርጭቆ ወረቀት ግን በማግስቱ።

ክሮስኦቨሩን በአንድ ቁራጭ ኮምፔንሳቶ ላይ ስሩት። የሽቦ አያያዙን ሥዕል ብቻ ተከትሎ ዕቃዎቹን አጠጋግቶ መደርደር ጥሩ አይደለም። ኮይል ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ማግኔት ይሆናል፤ ሁለት ኮይሎች ጎን ለጎን በአንድ አቅጣጫ ከተኙ የአንዱ ምልክት ወደ ሌላው ይሻገራል፣ ማጣሪያው ከታሰበው ውጭ ይሠራል። አንዱን አስተኙት፣ ሌላውን በጎኑ አቁሙት፣ በመካከላቸውም ቢያንስ 8 ሴንቲ ሜትር ተዉ። በኮይሉ መሐል የብረት ብሎን አሳልፎ ማሰር ደግሞ የከፋ ነው፤ ብረቱ የኮይሉን የኤሌክትሪክ ልክ (ኢንዳክታንስ) ከፍ ያደርገዋል። በፕላስቲክ ማሰሪያ እሰሩ፣ በትኩስ ኮላ አጠናክሩ። ሬዚስተሩ ላይ ግን ትኩስ ኮላ አይደረግም፤ ሲሞቅ ኮላውን ያቀልጠዋል። ከጣውላው 5 ሚሊ ሜትር ያህል ከፍ ብሎ አየር እንዲያገኝ በእግሮቹ ይቁም።

የኮይል ሽቦ በቫርኒሽ የተሸፈነ ነው። ጫፉ ካልተፋቀ የብየዳው እርሳስ ከላይ ይንጠባጠባል እንጂ አይጣበቅም፤ ከሩቅ ሲታይ የተበየደ ይመስላል፣ ስፒከሩ ግን ዝም ይላል። ጫፉን በብርጭቆ ወረቀት ቀይ መዳብ እስኪታይ ፋቁ፣ በካውያ ሞቅ አድርጉና እርሳስ አልብሱት፣ ከዚያ አያይዙ። ፊልም ካፓሲተሮች ፖዘቲቭና ኔጌቲቭ ስለሌላቸው በየትኛውም በኩል ይገባሉ። ለውስጥ ሽቦ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር በቂ ነው። ሁለቱን ክሮስኦቨሮች ጎን ለጎን አስቀምጣችሁ እኩል እየሄዳችሁ ስሩ፤ አንዱ ላይ የተሳሳተ ከሌላው ጋር ሲተያይ ዓይን ይይዘዋል። የትዊተሩ ፖዘቲቭ በሥዕሉ ላይ በተገላቢጦሽ ከታየ ተሳስተው ነው ብላችሁ አታርሙት፤ ሥዕሉ እንዳለ ይከበር።

ዕቃው ወደ ሳጥኑ ከመግባቱ በፊት በቴስተር ይለካ። ዉፈሩን አገናኝታችሁ በተርሚናሉ (የአምፕሊፋየሩ ሽቦ በሚሰካበት) ላይ ኦም ብትለኩ ከ6 እስከ 8 አካባቢ መነበብ አለበት። 8 ኦም የሚባለው በሥራ ላይ ያለው ስም ነውና 6 ኦም ከፍ ብሎ መነበቡ ጉድለት አይደለም። ዜሮ አካባቢ ከመጣ አንድ ቦታ ሽቦ ነክቷል፤ አምፕሊፋየር ላይ አትሰኩት። ምንም ካልተነበበ ያልተፋቀ የኮይል ጫፍ ፈልጉ። የዉፈሩን አቅጣጫ ለማወቅ 1.5 ቮልት ድንጋይ ለአፍታ ያህል ነካ ማድረግ ነው፤ ፖዘቲቭ በፖዘቲቭ ሲሆን ሸራው ወደ ውጭ ይወጣል። ትዊተሩ ላይ ግን ድንጋይ አይሞከርም።

አሁን ወደ ዋናው ጣጣ እንምጣ። የኤምዲኤፍ ፊቱ እንደ መስታወት ለስላሳ ነው፤ የተቆረጠው ጠርዝ ግን እንደ ስፖንጅ ቀለም ይጠጣል። አንድ ቀን የተቀባው በማግስቱ ሲታይ ፊቱ ያብረቀርቃል፣ ጠርዙ ደረቅና ሻካራ ነው። መፍትሔው ጠርዙን መዝጋት ነው፦ የእንጨት ኮላ ከውሃ ጋር እኩል በእኩል አቅጥናችሁ ሁለት ጊዜ ቀቡት፣ ሲደርቅ በ220 ቁጥር ብርጭቆ ወረቀት አለስልሱት። ስቱኮ የሚሠራ ሰው ስቱኮ በቀጭኑ ቢያለብሰውም ያው ነው። ከዚያ ፕራይመር ሁለት እጅ፣ በመካከሉ 320፤ ከዚያ ቀለም ሦስት ወይም አራት ቀጫጭን እጅ። ወፍራም አንድ እጅ ቀለም ይወርዳል፣ ከታች ሳይደርቅም ከላይ ቆዳ ይሠራል። ስፕሬይ ከሆነ ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቃችሁ፣ ከሳጥኑ ጠርዝ ውጭ ጀምራችሁ ከጠርዙ ውጭ ጨርሱ።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። ሁለት ሰሌዳ የተጋጠመበት መስመር ቀለም ከተቀባ ከሳምንታት በኋላ እንደ ጠባሳ ብቅ ይላል። ኮላው ውስጥ ያለው ውሃ የኤምዲኤፉን ጠርዝ ስለሚያሳብጠው ነው፤ ገና እርጥብ ሳለ አስተካክላችሁ ከቀባችሁ በኋላ ሲደርቅ ይሰምጣል። ሳጥኑን ካጣበቃችሁ በኋላ ቢያንስ አንድ ሳምንት ተዉት፣ እንደገና አለስልሱ፣ ከዚያ ቀቡ። መጠበቅ የማይሆንላችሁ ከሆነ ቬኒየር (ስስ የእንጨት ልባስ) አልብሱት ወይም ጥቁር ሻካራ ቀለም ምረጡ፤ ጥቁር ሻካራ ቀለም የሠሪውን ኃጢአት ሁሉ ይሸፍናል፣ አንጸባራቂ ነጭ ግን አንዱንም አይምርም። የኤምዲኤፍ አቧራ ረቂቅ ነው፣ ሙጫው ውስጥም ፎርማልዲሃይድ አለ፤ ከቤት ውጭ፣ አፍና አፍንጫ ተሸፍኖ ይሠራ። ወጥ ቤት ውስጥ መፋቅ የቤቱን ሰላም ማደፍረስ ነው።

ቀለሙ ደረቀ ብላችሁ ዉፈሩን ለመግጠም አትቸኩሉ። የብሎኑን ቦታ በ2 ሚሊ ሜትር መሰርሰሪያ አስቀድማችሁ ብሱ፤ ያለዚያ ኤምዲኤፍ ይሰነጠቃል ወይም በብሎኑ ዙሪያ ያብጣል። ቀዳዳው የሚበሳው ዉፈሩ ሳይኖር ነው፤ ብናኝ ማግኔቱ ውስጥ ከገባ አይወጣም። ብሎኑን በካቻቪቴ በእጅ አጥብቁ። የትዊተሩ ኒዮዲሚየም ማግኔት ካቻቪቴውን ከእጅ ይስባል፣ የካቻቪቴው ጫፍም ያለ ምሕረት ድምፅ በሚያወጣው ለስላሳ የትዊተሩ ጉልላት ላይ ያርፋል። ሌላውን እጃችሁን በካቻቪቴውና በጉልላቱ መካከል ጋርዱ። የተጎደጎደ የአሉሚኒየም ሸራም አይመለስም። ሽቦውን ወደ ትዊተሩ ስትበይዱ ከሦስት ሰከንድ በላይ ካውያውን አታቆዩ፤ እግሩ የተተከለበት ፕላስቲክ ይቀልጣል።

በውስጥ ግድግዳው ላይ ፎም ወይም የትራስ ፋይበር በስሱ ይለጠፋል፤ ከሳጥኑ አየር የሚያስወጣው ቱቦ አፍ ግን ነጻ ይሁን። ሁሉም ከተገጠመ በኋላ ቱቦውን በመዳፍ ዝጉና የዉፈሩን ሸራ በሁለት ወገን በጣት ቀስ ብላችሁ ግፉ። ቀስ ብሎ ከተመለሰ ሳጥኑ ጥብቅ ነው፤ ወዲያው ዘሎ ከተመለሰ አየር የሚያሳልፍ ቦታ አለ፣ ብዙውን ጊዜ በተርሚናሉ ዙሪያ። ቀጥሎ ከስልክ ላይ ከ200 ወደ 50 ኸርዝ የሚወርድ ድምፅ በመካከለኛ ጉልበት አጫውቱ፤ የሚንኳኳ ሽቦ ወይም ያልተጣበቀ ቱቦ እዚያ ላይ ይጋለጣል። ከ40 ኸርዝ በታች በጉልበት አትግፉ፤ ዉፈሩን የሚይዘው አየር ስለሌለ ሸራው ከልኩ በላይ ይወዛወዛል።

ለዚህ ፈተና የበገና ቅጂ አትጠቀሙ። የበገናው እንዝራ (ከአውታሩ ሥር የሚገባው ቆዳ) ድምፁን ራሱ ስለሚያነዝር ብልሽቱ ከስፒከሩ ይሁን ከመሣሪያው አይለይም። ከዚህ በኋላ ግን ለመስማት ከበገና የተሻለ የለም፦ የአውታሩ ወፍራም ድምፅና ከላይ የሚረጨው ንዝረት ተለያይተው ከተሰሙ ዉፈሩና ትዊተሩ ተግባብተዋል። በሞኖ የተቀዳ የቆየ ዘፈን ስታጫውቱ ደግሞ ዘፋኙ በሁለቱ ስፒከሮች መካከል መቆም አለበት፤ ድምፁ ከተበተነና ቤዙ ከጠፋ ከአንዱ ስፒከር ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ ተቀያይሯል።

ድምፁ ለአንድ መካከለኛ ሳሎን ይበቃል። የሰው ድምፅና ክራር ላይ ግልጽ ነው፤ ከበሮ ላይ ከ5 ኢንች የሚጠበቀውን ያህል ይሰጣል፣ ለሠርግ ድንኳን የሚፈልግ ሰው ሌላ ይፈልግ። ከ30 እስከ 50 ዋት የሚሰጥ አምፕሊፋየር ያንቀሳቅሰዋል። ትዊተሩ ከጆሮ እኩል ይሁን፣ ሳጥኑም ከግድግዳው ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ፤ ጥግ ላይ ከተጣለ ቤዙ ያጉረመርማል።

ከአሜሪካ ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ሰዎች ሳይገጣጠም ቢልኩት ይሻላል፤ ሰሌዳው ጠፍጣፋ ስለሆነ ሻንጣ ውስጥ ይተኛል፣ ቀለምም መንገድ ላይ አይቧጨርም። ስፒከሩ ራሱ ከመብራት ጋር ስለማይገናኝ የ110ና የ220 ጣጣ የለበትም። አምፕሊፋየሩ አዳፕተሩ ላይ 100–240 የሚል ካለው ሶኬቱን መቀየር ይበቃዋል። ባለ 120 ቮልት መበየጃ ካውያ ግን አብራችሁ አትላኩ፤ 220 ላይ እንደ ተሰካ ይቃጠላል፣ እሱ እዚያው ይገዛ።