ከገዛ ስም የሚጀምር ትምህርት፦ በባሶና ወራና ለምታስተምረው የጎልማሶች አመቻች ምስጋና

በባሶና ወራና ወረዳ፣ ከደብረ ብርሃን ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ለምታስተምር የጎልማሶች ትምህርት አመቻች ምስጋናችንን በአደባባይ እናቀርባለን። ስሟ እንዲጠራ ስላልፈለገች ስሟን ትተን ሥራዋን እንናገራለን። እኛም በዚሁ ሙያ ያለን ነንና ምስጋናው የይሉኝታ አይደለም። መመዝገብማ ሁሉም ይመዘግባል። ኅዳር ላይ 30 ሰው የነበረበት ክፍል መጋቢት ላይ 8 ሰው ብቻ ሲቀረው ነው ጉዱ የሚታየው። የእሷ ክፍል አይሳሳም፤ ለምን እንደማይሳሳ መናገር ደግሞ ለሌላውም ይጠቅማል።

ትምህርቱን ያዋለችው አራሹ ሞፈር በማይነካበት ቀን ነው፤ እሑድ፣ በ12 ሚካኤል፣ በ21 ማርያም፣ በ27 መድኃኔዓለም፣ በ29 በዓለ ወልድ። ቅዳሴ እንደወጣ፣ ሰው ሳይበተን፣ አንድ ሰዓት ተኩል ታስተምራለች። በአጨዳና በውቂያ ጊዜ ትዘጋለች። ሰው ራሱ እስኪቀር ግን አትጠብቅም፤ መቼ ዘግታ መቼ እንደምትከፍት አስቀድማ ትናገራለች። የቀረ ሰው ለመመለስ ያፍራል፣ ክፍሉ ተዘግቶ የቆየበት ሰው ግን አያፍርም።

ብዙ አመቻች የሚስተው ሌላ ነገር ዓይን ነው። ዕድሜው ከ40 ያለፈ ሰው ሰሌዳው ላይ ያለውን እያየ ደብተሩ ላይ ያለው ይደበዝዝበታል። ይህን ሳያውቅ «አእምሮዬ አልቀበል አለ» ብሎ ይተዋል። እሷ በመጀመሪያው ቀን ደብተሩን ከዓይናቸው እያራቁና እያቀረቡ እንዲያዩ ታደርጋለች። ክንዳቸውን ዘርግተው ካልሆነ የማይታያቸውን ለቅርብ ማንበቢያ መነጽር እንዲመረመሩ ወደ ጤና ተቋም ትልካለች፤ እስከዚያው በድፍን መስመር፣ ጣት በሚያክል ፊደል ታጽፋቸዋለች። የሕፃናቱን ዴስክ ትታ አግዳሚ ያስመጣችውም እሷው ናት። ጉልበቱ ዴስኩ ሥር የማይገባለት አባወራ በዚያ ላይ ተኮራምቶ እንዴት ልብ ብሎ ይጻፍ?

ፊደሉን ከ«ሀ» አትጀምርም። የምትጀምረው ከተማሪው ስም ነው። «አስካለ» የሚለው ስም አ፣ ስ፣ ካ፣ ለ አለው፤ ከእነዚህ ከ«ለ» ተነስታ ሉ፣ ሊ፣ ላ እያለች ቤተሰቡን ታወጣለች። የሚከብደው ሳድሱ ነው፤ «ስ»ን «ሰ» ብለው ይጽፉና «አሰካለ» ይሆናል። እዚህ ላይ ትቆያለች፤ ቃሉን በአፍ ደጋግመው እንዲሉት፣ ድምፁ ተከፍቶ የሚወጣበትን ከሚቆረጥበት በጆሮ እንዲለዩ ታደርጋለች። ስሙን ደግሞ መታወቂያው ላይ ባለው ፊደል ነው የምታስይዘው። አንዱ ቦታ «ኃይሉ»፣ ሌላው ቦታ «ሀይሉ» ተብሎ የተጻፈ ሰው ባንክ ቤት ምን እንደሚገጥመው የደረሰበት ያውቃል። በአውራ ጣቱ የሚፈርም የነበረ ሰው ፊርማ ሲለምድ ደግሞ ከፊርማው በፊት ሦስት ነገር በጣቱ እንዲነካ ታዘዋለች፤ ስሙን፣ ቀኑን፣ የብሩን ልክ። ከሦስቱ አንዱ ባዶ ከሆነ አይፈረምም።

ስልክ ለቁጥር ትምህርት የመጀመሪያ መጽሐፏ ነው። ቴሌብርን በ10 ብር ታለማምዳለች። *127# ይደወላል፣ ገንዘብ መላክ የሚለው ይመረጣል፣ የተቀባዩ ቁጥር ይገባል፣ ከዚያ ብሩ። የሚስጥር ቁጥሩ ከመግባቱ በፊት የተቀባዩ ስም ይመጣል፤ እዚህ ሁሉም ሰው እጁን ከስልኩ ያነሳል። «ስሙን ያንብቡልኝ እትዬ» ትላለች። እትዬ ፊደል በፊደል እየቆጠሩ ያነባሉ፣ ሌሎቹ ይጠብቃሉ፤ ማንም አያቀብላቸውም። ብር ወደ ማይታወቅ ሰው የሚሄደው ይህችን ስም ሳያነቡ ሲያልፉ ነው። ስልክንና የሚስጥር ቁጥርን አብሮ ለሱቅ ልጅ መስጠትና «ሽልማት ደርሶዎታል» ለሚል ደዋይ ቁጥር መናገር በየትምህርቱ ይነሳሉ፤ አንዴ ተነግሮ የሚበቃ ነገር አይደለም።

ሒሳቡም እንዲሁ ከቤት ነው። አንድ ጠቦት በ6,000 ብር ተገዝቶ ለ90 ቀን ሲቀለብና በ9,000 ሲሸጥ ሁሉም «3,000 አተረፈ» ይላል። ፉርሽካና ድርቆሹን 1,500፣ መድኃኒቱን 150፣ ማጓጓዣውን 100 ስታስጽፋቸው 1,250 ይቀራል። የገዛ ድካማቸውን ገና አልቆጠሩም። ብድር ከመውሰድ በፊት ይህን ወረቀት መሥራት ከየትኛውም ምክር ይበልጣል።

ሁለተኛውን ዓመት ለሥራ ማዘጋጃ አድርጋዋለች፤ በተለይ ወደ ከተማው ፋብሪካዎችና ወደ ኢንዱስትሪ ፓርኩ ለሚያስቡ ወጣት እናቶች። ማስታወቂያ ላይ 14:00 ካለ 6 ይቀነሳል፣ ከቀኑ 8 ሰዓት ነው። 22:00 ካለ 6 ተቀንሶ 16፣ ከ12 ስለሚበልጥ 12 ደግሞ ይቀነሳል፣ ከምሽቱ 4 ሰዓት። ማመልከቻ ሲጻፍ ቀን ከላይ በቀኝ፣ «ለ»፣ «ጉዳዩ»፣ ከዚያ የሚፈለገው ሥራ በሁለት ዓረፍተ ነገር፣ ስም፣ ፊርማ፣ ስልክ። የኑሮ ችግርን ማመልከቻው ላይ መዘርዘር የተለመደ ስሕተት ነው፤ ቀጣሪው የሚፈልገው ምን መሥራት እንደሚችሉ ነው። ፊት ለፊት ስትጠይቃቸው ደግሞ አቀርቅሮ «እንደፈቀዱ» ማለትን ታስተዋቸዋለች፤ ስንት ሰዓት መግባት እንደሚችሉ፣ ልጁን ማን እንደሚይዝ ቁርጡን መናገር ታስለምዳቸዋለች።

መብቱንም በቁጥር ነው የምታስይዘው። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 የሙከራ ጊዜ ከ60 የሥራ ቀን አይበልጥም፤ መደበኛው ሥራ በቀን 8፣ በሳምንት 48 ሰዓት ነው፤ ውሉ በጽሑፍ ካልሆነ አሠሪው በ15 ቀን ውስጥ የተፈረመ ጽሑፍ ይሰጣል። ከደመወዝ የሚቆረጠው የጡረታ መዋጮ 7 በመቶ ነው፤ ከ5,000 ብር 350። «ለምን ተቆረጠብኝ» ብሎ ሥራ ጥሎ የሚወጣ ሰው አለና ይህን ቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል። አሠሪው በላዩ 11 በመቶ እንደሚጨምር ሲሰሙ ብዙዎቹ ይገረማሉ።

ለዚህ ሁሉ ልፋት፣ እህታችን፣ እግዚአብሔር ይስጥልን። በአካባቢው ያላችሁ ሁሉ፣ መማር የሚፈልጉ እናት፣ አባት፣ የቤት ሠራተኛ፣ ጎረቤት ካላችሁ ላኩላት፤ የት እንደምታስተምር ቀበሌው ያሳያችኋል። ሲመጡ መታወቂያቸውን፣ ስልካቸውን ቻርጅ አድርገው፣ አንድ ባለ መስመር ደብተርና ሁለት እርሳስ ይያዙ። ሁለት ያልነው የገበሬ እጅ መጀመሪያ ላይ አጥብቆ ስለሚጫን አንዱ ቶሎ ስለሚሰበር ነው። መነጽር ያለው ቤት አይርሳው።