የተደፈነ ካታላይቲክ ኮንቨርተር፦ ኦሪጅናል፣ ኮፒ፣ ያገለገለ ወይስ ባዶ ቆርቆሮ?

ለጥ ባለ መንገድ በዝግታ ሲነዳ ጤነኛ የሚመስል፣ ዳገት ላይ ግን ነዳጅ ቢሰጡትም ጉልበት የሚያጣ የቤንዚን መኪና ሲያጋጥም፣ የጭስ ማውጫው የሚታወሰው ብዙውን ጊዜ ፊልትሮና ካንዴላ ተቀይረው፣ የነዳጅ ፓምፑም ተፈትሾ ካበቃ በኋላ ነው። ኮንቨርተሩ፣ ማለትም በጭስ ቱቦው ላይ ያለውና ውድ ማዕድናት በተቀባ ሴራሚክ ጭሱን የሚያጸዳው ክፍል፣ ተደፍኖ ከተገኘ ለባለቤቱ አራት አማራጮች ይቀርቡለታል፤ እነርሱም አዲስ ኦሪጅናል መግዛት፣ አዲስ ኮፒ መግዛት፣ ከሌላ መኪና የወጣ ያገለገለ መግዛት፣ ወይም ውስጡን አስወግዶ ባዶውን ቆርቆሮ መልሶ ማሰር ናቸው። በእኔ ግምገማ ሞተሩ ጤነኛ ለሆነለት ሰው ያለ ብየዳ በቡሎን የሚታሰረው አዲስ ኮፒ የተሻለው ምርጫ ሲሆን፣ መኪናው ዘይት ለሚበላበት ሰው ግን ሞተሩ ሳይጠገን በየትኛውም ላይ የሚወጣ ገንዘብ የባከነ ነው።

ከመግዛት በፊት የደከመን ኮንቨርተር ከተደፈነው መለየት ያስፈልጋል። ኮምፒውተር ተሰክቶ ፒ0420 የሚል ኮድ ሲወጣ ኮንቨርተሩ ጭሱን እንደሚገባው አላጸዳም ማለት እንጂ መንገዱ ተዘግቷል ማለት አይደለም፤ የኮዱ መነሻ በጭሱ ውስጥ ያለውን ኦክስጅን የሚለካው የኦክስጅን ሴንሰር ብልሽት ወይም የተቀደደ የጭስ ቱቦም ሊሆን ይችላል። መደፈንን የሚያረጋግጠው የግፊት ጌጅ ነው። ከኮንቨርተሩ በፊት ያለው የፊተኛው ኦክስጅን ሴንሰር ተፈትቶ ጌጁ በቦታው ይታሰርና ሞተሩ ይነሣል፤ በሚኒሞ (ነዳጅ ሳይረገጥ) ከ1.5 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ)፣ በደቂቃ በ2,500 ዙር ደግሞ ከ3 ፒኤስአይ በላይ ካነበበ ከጌጁ በኋላ ያለው መንገድ ጠብቧል። ጥፋተኛው ኮንቨርተሩ ይሁን ማርሚታው (የድምፅ ማፈኛው) ለመለየት ከኮንቨርተሩ በስተኋላ ያለውን ማያያዣ አላልቶ እንደገና መለካት ይበቃል፤ ግፊቱ ካልወረደ የተዘጋው ኮንቨርተሩ ነው።

አንዳንድ ጋራዦች በዚህ ፈንታ ሞተሩ አየር የሚስብበትን ኃይል በሚያሳይ በቫክዩም ጌጅ ይለካሉ። ዘዴው ሴንሰር መፍታት ስለማይጠይቅ ፈጣን ነው፤ ሆኖም መጻሕፍት በሚኒሞ ጤነኛ የሚሉት ከ17 እስከ 21 ኢንች ሜርኩሪ ያለው ንባብ የባሕር ወለል ቁጥር ነው። በየ300 ሜትሩ ከፍታ ንባቡ በ1 ኢንች ገደማ ስለሚቀንስ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በሚልቅ ከፍታ ላይ ባለችው አዲስ አበባ ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 14 ቢያነብ የሚያስደነግጥ ነገር የለውም። ስለዚህ በቫክዩም ጌጅ የሚለካ ሰው መመልከት ያለበት ሞተሩ በ2,500 ዙር ተይዞ ሲቆይ መርፌው ቀስ በቀስ መውረድ አለመውረዱን ነው፤ ከወረደ የጭሱ መንገድ ጠብቧል። ሁለቱም ጌጅ ባለበት ጋራዥ በግፊቱ ጌጅ እንዲለካላችሁ ብትጠይቁ እመርጣለሁ።

ኮንቨርተር ያለ ምክንያት አይደፈንም። ካንዴላ ወይም ለካንዴላው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው ቦቢና ሲበላሽ ሲሊንደር ውስጥ ያልተቃጠለው ቤንዚን ኮንቨርተሩ ውስጥ ገብቶ ስለሚነድ ሴራሚኩ ይቀልጣል፤ ሞተሩ ዘይት ሲበላ ደግሞ የዘይቱ አመድ ቀዳዳዎቹን ይሸፍናል። በብዙ የቶዮታ ኮሮላ መኪኖች ላይ የሚገኘው 1ዜድዜድ-ኤፍኢ ሞተር፣ በተለይም ቀደም ሲል የተሠራው፣ የፒስተኑ ፋሻ እየተያዘ ዘይት በመብላት ይታወቃል። እንዲህ ያለ ሞተር ያለው ሰው አስቀድሞ በዘይት መለኪያው ዘንግ የዘይቱን መጠን በየሳምንቱ ቢከታተል ገንዘቡን ያድናል።

ኦሪጅናሉ ዋጋው ከሁሉም የከበደ ነው፤ ነገር ግን የሴንሰር ቀዳዳዎቹም ማያያዣዎቹም በትክክል ይገጥማሉ፣ የቼክ ኢንጂን መብራትም በእርሱ ምክንያት ተመልሶ አይበራም። እ.ኤ.አ. ከ2024 ጀምሮ በነዳጅ የሚሠሩ የግል መኪኖች ወደ ኢትዮጵያ እንዳይገቡ ስለተከለከለ፣ መኪናውን ለብዙ ዓመት ሊይዝ ያሰበ ሰው ይህን ወጪ ቢመርጥ አልቃወመውም። ኮፒው በአብዛኛው ከኦሪጅናሉ ያነሰ ፕላቲኒየም፣ ፓላዲየምና ሮዲየም ስለሚቀባ ዕድሜው ያጥራል፤ ሆኖም ለጭሱ ማለፊያ በመክፈት ረገድ ከኦሪጅናሉ አያንስም። ከኮፒዎቹ መካከል ተቆርጦ የሚበየደው ርካሽ ቢሆንም፣ ብየዳው ካልጠበቀ አየር እየገባ ሴንሰሩን ያሳስተዋል።

ከሁሉም ይልቅ ጥንቃቄ የሚጠይቀው ያገለገለው ነው። በውስጡ ባሉት ውድ ማዕድናት የተነሣ ሴራሚኩ ለብቻው ገዢ ስላለው፣ ቆርቆሮው ተቀድዶ ውስጡ ከተወሰደ በኋላ መልሶ ተበይዶ ለሽያጭ ሊቀርብ ይችላል። በአዲስ አበባው የመለዋወጫ ገበያ በሶማሌ ተራም ሆነ ሌላ ቦታ ሲገዛ፣ ከፋብሪካው መጋጠሚያ ውጭ አዲስ የብየዳ መስመር ያለበትን ዕቃ መተው ይሻላል። በአንደኛው ጫፍ በባትሪ ሲበራበት እንደ ማር እንጀራ የተደረደሩት ቀዳዳዎች ሳይሰበሩና ሳይቀልጡ መታየት አለባቸው፤ ሲነቀነቅም የሚንኳኳ ድምፅ ካለው ሴራሚኩ ተሰብሯል። ይህን ሁሉ ያለፈ ዕቃ እንኳ ከምን ዓይነት ሞተር እንደወጣ ስለማይታወቅ፣ ዋጋው ለአዲሱ ኮፒ ከቀረበ መግዛቱ ትርፍ የለውም።

ባዶውን ማሰር የጉልበቱን ችግር መፍታቱ አይካድም፤ ለዚህም ነው ተወዳጅ የሆነው። ይሁን እንጂ የኋለኛው ሴንሰር ከፊተኛው ጋር አንድ ዓይነት ንባብ ስለሚሰጥ የቼክ ኢንጂን መብራት እንደበራ ይቀራል፣ ሌላ ብልሽት ቢመጣም ከእርሱ መለየት አይቻልም። ያልተጣራው ጭስም ጋራዡ ለሚገኝበት ሰፈር ሳይቀር ይተርፋል። ታንከር ውስጥ የሚጨመሩትን የማጽጃ ፈሳሾች በተመለከተ ግን የቀለጠን ሴራሚክ የሚከፍት ፈሳሽ የለም።

በሚቀየርበት ጊዜ ቆርቆሮው ላይ ያለው ቀስት ወደ ማርሚታው አቅጣጫ መዞሩን፣ በማያያዣው መካከል የሚገባው ጓርኒሲዮንም አዲስ መሆኑን አረጋግጡ። አሮጌው ተሰባብሮ ከነበረ ስብርባሪው ማርሚታውን ሊዘጋ ስለሚችል፣ ከጋራዡ ሳይወጣ ግፊቱ በዚያው ጌጅ እንደገና ይለካ። የወጣውን አሮጌ ኮንቨርተርም ለጋራዡ ትታችሁ አትሂዱ፤ ቢደፈንም በውስጡ ያለው ማዕድን ስለማይጠፋ በሽያጩ ከአዲሱ ዋጋ ላይ የተወሰነውን መመለስ ይቻላል።