አሮጌ ጋዜጣ ለኮላጅ፦ ደሴ ላይ የሚሸጠው ምን ያህል ይሠራል?

ለመጠቅለያ የሚሸጠው አሮጌ ጋዜጣ ለኮላጅ (ቁርጥራጭ ወረቀት ሰሌዳ ላይ እየለጠፉ ለሚሠራ ሥዕል) ከሚገኙት ሁሉ ርካሹ ወረቀት ነው። አመሉ ግን ብዙ ነው። ስስ ነው፤ በካሬ ሜትር ከ45 እስከ 50 ግራም ቢመዝን ነው። ሊግኒን የሚባለው የእንጨት ንጥረ ነገር ስላልወጣለት ፀሐይ ሲመታው ቶሎ ይወይባል። ቫርኒሽ ቢያዘገየው እንጂ አያስቆመውም፤ ስለዚህ ሥራውን መስኮት ፊት ለፊት አትስቀሉ።

በዱቄት ሙጫ አትለጥፉ። ድሮ የጭቃ ቤት ግድግዳ በጋዜጣ የሚለብሰው በእሱ ነበር (ስንቱ ልጅ ፊደል የቆጠረው ከዚያ ግድግዳ ላይ ነው)፤ ግን በረሮና አይጥ ይጠራል፣ ክረምት ላይም ይሻግታል። ነጩን የእንጨት ኮላ 2 እጅ፣ ውሃ 1 እጅ በጥብጡ። ከዚህ ከቀጠነ ወረቀቱ ርሶ ይጨማደዳል። ሰሌዳውን ቀብታችሁ ወረቀቱን ከመሃል ወደ ዳር በጨርቅ እያሻችሁ አስተኙት፤ ከዚያ ላስቲክ አንጥፋችሁ ክብደት ጫኑበት። ከጦሳ ተራራ ጉም በሚወርድበት ሰሞን 2 ሌሊት ይፈልጋል። የጀርባው ጽሑፍ ወደ ፊት እንዳያሳይ አስቀድማችሁ ጀርባውን በነጭ አክሪሊክ ቀለም በስሱ ቀቡና አድርቁ።

አሁን ወደ ዋናው። ከየርዕሱ ማሰሪያ አንቀጹን ብቻ ቆርጣችሁ ደርድሩ፦ ተገለጸ፣ ተጠቆመ፣ ተባለ፣ ተገለጸ። 40 ያህል ሲሞላ ሰሌዳው ላይ ገላጭ የሚባል ሰው የለም። በየቀኑ እንዲህ ያነበበ ሰው «ማነው ያለው?» ማለትን ሳያውቀው ይተዋል።

ከዚህም የሚበልጥ አለ፤ የፎቶ መግለጫው። መድረክ ላይ የቆመው ስምም ማዕረግም አለው። አዳራሽ የሞላው ሕዝብ «ተሳታፊዎች በከፊል» ነው። ይህችን ቁራጭ ከትንሽ መስተዋት ሥር ለጥፏት፤ ተመልካቹ ፊቱን ከነመግለጫው ያየዋል።

ደሴ የራሷ ፎቶ አላት። ኅዳር 26 ቀን 1928 የኢጣሊያ አውሮፕላኖች ሲደበድቧት የውጭ ጋዜጠኞች ከተማዋ ውስጥ ነበሩ፤ ጃንሆይ መትረየስ ይዘው የሚታዩበት ምስል ዓለምን ዞረ። የተቃጠሉት ጎጆዎች ምስሉ ላይ የሉም። ቅጂውን ከተጠቀማችሁ ዙሪያውን ሰፊ ባዶ ቦታ ተዉለት።

መቀስ የያዘም አርታኢ ነውና ትራፊውን አትጣሉ፤ በፖስታ አድርጋችሁ ከሥራው ጎን ስቀሉት።

ስትገዙ ነጠላ ገጽ ሳይሆን ሙሉ እትም ምረጡ፤ ቀኑ ያለው ከላይኛው ጠርዝ ላይ ነው። ቅቤ ወይም ዘይት የነካውን ተዉት፣ ኮላ አይዘውም። እጥፋቱ ላይ የሻገተም ካለ መልሱት፤ ሻጋታው ወደ ሌላው ይዛመታል።