ብሎን ሳይፈታ የላፕቶፑን ችግር ላገኘው ባለሙያ ምስጋና

አዲስ ላፕቶፕ ነው፣ ሦስት አመል ነበረበት። ቻርጀር ላይ ሳለ የብረት አካሉ እጅ ይነዝራል። ከበድ ያለ ሥራ ሲጀመር ቻርጀሩ እንደተሰካ ባትሪው ይወርዳል። ምንም ባይሠራበትም ከ80 በመቶ በላይ አይሞላም። ቀድሞ ያየው ሰው ማዘርቦርዱ ተነክቷል፣ ባትሪውም ይቀየር ብሎ ነበር። እኔ የምጠቁማችሁ ባለሙያ ግን አንዲት ብሎን ሳይፈታ ሦስቱንም ለየ። ላፕቶፑ ምንም አልሆነም። "ጎበዝ ነው" ብቻ ብሎ ማለፍ ለማንም ስለማይጠቅም አሠራሩን ልዘርዝረው።

መጀመሪያ የመረመረው ላፕቶፑን ሳይሆን ሶኬቱን ነው። መልቲሜትሩን (የኤሌክትሪክ መለኪያውን) ኤሲ፣ ማለትም የግድግዳ ኤሌክትሪክ ላይ አድርጎ በፌዝ (ኤሌክትሪክ አምጪው ሽቦ) እና በኒውትራል (መላሹ ሽቦ) መሃል 224፣ በፌዝና በኧርዝ (ወደ መሬት የሚወስደው መከላከያ ሽቦ) መሃል 223፣ በኒውትራልና በኧርዝ መሃል 1 ቮልት አነበበ። የግድግዳው መስመር ደህና ነው ማለት ነው። ኧርዙ ያልተገናኘ ሶኬት ቢሆን ኖሮ ሁለተኛው ቁጥር ዝቅ ብሎ ይዋልል ነበር። ከዚያ ዲቫይደሩን አምጡልኝ አለ። ጉዱ እዚያ ነበር፤ የቻርጀሩ ስፒና ባለ ሦስት እግር ሆኖ ሳለ ባለ ሁለት እግር ማቀያየሪያ ገብቶበት ኧርዙ መንገድ ላይ ቀርቷል።

ኧርዝ ሲቀር ለምን ይነዝራል? ቻርጀር ውስጥ የ220ውን ወገን ከ20 ቮልቱ ወገን ጋር የምታገናኝ ትንሽዬ ካፓሲተር አለች። ሥራዋ ቻርጀሩ የሚፈጥረውን የሬዲዮ ረብሻ ማፈን ነው። በእሷ በኩል ጥቂት ኤሲ ወደ ላፕቶፑ አካል ያልፋል፣ ኧርዝ ካለ ወደዚያ ይወርዳል፣ ከሌለ ግን የብረቱ አካል የመስመሩን ግማሽ ያህል ቮልቴጅ ይዞ ይቀመጣል። በላፕቶፑ ብሎንና በኧርዙ መሃል ሲለካ 108 ቮልት መጣ።

ሙያው የታየው ከዚህ በኋላ ነው። ብዙ ሰው 108 ሲያይ ቻርጀሩን ይጥላል፣ ወይም "ይሄማ የተለመደ ነው" ብሎ ያልፋል። እሱ ሁለቱንም አላደረገም። የ100 ኪሎ ኦም ሬዚስተር (ኤሌክትሪክን የሚገታ ትንሽ ዕቃ) በመልቲሜትሩ ጫፎች መሃል አስገብቶ እንደገና ለካ። ንባቡ ወደ 14 ቮልት ወረደ። 14 ለ100 ሺህ ሲካፈል ፍሳሹ፣ ማለትም ወደ አካሉ የሚያልፈው ኤሌክትሪክ፣ 0.14 ሚሊአምፔር ነው። ኧርዝ ለሌላቸው ቻርጀሮች ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት የኖረው ወሰን 0.25 ሚሊአምፔር ስለሆነ ፍሳሹ ካፓሲተሯ የምታሳልፈው ጤነኛ ፍሳሽ ነው። ሬዚስተሩ ገብቶም ቮልቴጁ ብዙም ሳይወርድ ቢቀር ግን ከበስተኋላው ጉልበት ያለው ኃይል አለ ማለት ነው፤ 220ውን ከላፕቶፑ የሚለየው መከላከያ ተበላሽቷል፣ ያ ቻርጀር ዳግም አይሰካም። (ይህን ልኬት ቤት ውስጥ አትሞክሩት፤ የሚሠራው ሙያው ላለው ሰው ነው።) ማቀያየሪያውን አውጥቶ ስፒናውን ኧርዝ ባለው ሶኬት ላይ ሲሰካው ንባቡ ከ1 ቮልት በታች ሆነ፣ መንዘሩም ቀረ።

የባትሪው መውረድ ደግሞ ከገመዱ ነው የመጣው። ቻርጀሩ 100 ዋት ነው፤ 20 ቮልት በ5 አምፔር። ነገር ግን ታይፕ ሲ ገመድ ከ3 አምፔር በላይ እንዲያሳልፍ ውስጡ ኢ-ማርከር የምትባል ቺፕ ታስፈልገዋለች። ቻርጀሩ ገመዱን "ስንት ትችላለህ?" ብሎ ይጠይቃል፣ መልስ ካላገኘ 3 አምፔር ላይ ይቆማል። 20 ቮልት በ3 አምፔር 60 ዋት ነው። ላፕቶፑ ሥራ ሲበዛበት 90 ዋት ገደማ ስለሚፈልግ ጉድለቱን ከባትሪው ይወስዳል። የተሰካው ገመድ ከቻርጀሩ ጋር የመጣው ሳይሆን የስልክ ገመድ ነበር፣ ለዓይን ግን አንዱ ከአንዱ አይለይም። በቻርጀሩና በላፕቶፑ መሃል በምትገባ ትንሽ መለኪያ አሳየን፦ በስልኩ ገመድ 20 ቮልት 2.9 አምፔር፣ በራሱ ገመድ 20 ቮልት 4.5 አምፔር። ክርክር የለም።

80 በመቶው? ብልሽት አይደለም። የባትሪ ዕድሜ ለማራዘም ከፋብሪካ በርቶ የመጣ ገደብ ነው፤ ከአምራቹ ፕሮግራም ውስጥ ይጠፋል። ሁልጊዜ ሶኬት ላይ ለሚሠራበት ላፕቶፕ ባይጠፋ ይሻላል ብሎ እንዳለ ተወው።

በመሃል የጣላትን አንዲት ምክር ብዙ ቻርጀር ያድናል ብዬ ስላሰብኩ ላካፍላችሁ። ታይፕ ሲ ቻርጀር ጫፉ ላይ ምንም ሳይሰካበት በመልቲሜትር ቢለካ 0 ያሳያል። ሞቷል ማለት አይደለም፤ ማዶ ተቀባይ መኖሩን ሳያውቅ ኃይል አይለቅም። ሲሰካ በ5 ቮልት ይጀምርና ተነጋግሮ ወደ 9፣ 15 ወይም 20 ይወጣል። ክብ ጫፍ ያለው የድሮው ዓይነት ግን ብቻውንም ሲለካ 19 ወይም 20 ቮልት አካባቢ ሊሰጥ ይገባል። በተረፈ አዲስ ላፕቶፕ ከካርቶን ወጥቶ ቁልፉ ሲጫን ዝም ካለ አትደንግጡ፤ ብዙዎቹ ባትሪያቸው ለጉዞ ተቆልፎ ስለሚላክ መጀመሪያ ቻርጀር ሲሰካ ነው የሚነቁት።

የባለሙያውን ጉድለትም ልናገር። ቀርፋፋ ነው። በስልክ "ምን ሆኖ ይሆን?" ብትሉት አይመልስም፣ ሳይለካ አይናገርም። ዋስትናው ያላለቀ ላፕቶፕም አይፈታም፤ ልኬቱን በወረቀት ጽፎ ወደ ሻጩ ይመልሳችኋል። ለእኔ ይሄ ጉድለት ሳይሆን ምስጋና የሚገባው ነገር ነው፣ ቶሎ እንዲያልቅላችሁ ለምትፈልጉ ግን ቀድማችሁ እወቁት። ያስከፈለውም የምርመራውን ብቻ ነው፣ የሸጠው ዕቃ የለም። ወንድሜ፣ እጅህ ይባረክ።

እሱ ጋ የምትሄዱ ላፕቶፑን ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ። ቻርጀሩን፣ የምትጠቀሙባቸውን ገመዶች በሙሉ፣ ዲቫይደሩንና ማቀያየሪያውን ጨምራችሁ ውሰዱ። ችግሩ መቼ እንደሚመጣም ጽፋችሁ ያዙ፦ ገመዱ ሲነካ ነው፣ ሲሞቅ ነው ወይስ ሥራ ሲበዛ? የመጀመሪያ ጥያቄው እሱ ነው። ሳይጠይቁት ስሙን እዚህ ማውጣት ስላልፈለግኩ አድራሻውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።