ለኦፕሬተሮች የኤሌክትሪክ ደህንነት ላሰለጠኑን መምህር ምስጋና፣ ለእናንተም ጥቆማ

የውሃ ማጣሪያ ጣቢያ የምትሠሩ፣ በተለይ በፈረቃ የምታድሩ፣ ይቺን አንብቡልኝ። ሰሞኑን ጣቢያችን ድረስ መጥተው የኤሌክትሪክ ደህንነት ያሰለጠኑንን መምህር ላመሰግን ነው የጻፍኩት። ፖሊቴክኒክ ኮሌጅ ውስጥ ኤሌክትሪክ ያስተምራሉ።

እኛ ኦፕሬተሮች ኤሌክትሪሻን አይደለንም። ሥራችን አሉም (ውሃ የሚያጠራውን ኬሚካል) መመጠን፣ ክሎሪን መለካት፣ ማጣሪያ ማጠብ፣ ፓምፕ ማስነሳትና ማቆም ነው። ሌሊት ፓምፕ ሲቆም ግን መጀመሪያ ፓነሉ (የፓምፑ የኤሌክትሪክ መቆጣጠሪያ ሣጥን) ጋ የምንሮጠው እኛው ነን። እጃችን ርጥብ ነው፣ ወለሉም ርጥብ ነው፣ ፓነሉ ውስጥ ያለው ደግሞ 380 ቮልት። እስከ ዛሬ ሥልጠና ሲመጣ የሚጠራው ኤሌክትሪሻን ብቻ ነበር። መምህራችን "ፓነል የሚነካ ሁሉ ይምጣ" አሉ። ጥበቃዎቹም ሳይቀሩ ገቡ።

ክፍል ውስጥ ብዙ አልቆየንም። ወደ ፓምፕ ቤት ይዘውን ሄዱ። ጋኑ ሞልቶ ፓምፑ ቆሟል። "አሁን ሞተሩን መፍታት ይቻላል?" ብለው ጠየቁ። አንዳንዱ "አዎ" አለ። መምህሩ ጋኑ ላይ ላቆሙት ልጅ ምልክት ሰጡት። ልጁ ፍሎተሩን፣ ማለትም በውሃው ከፍታ ፓምፑን በራሱ የሚያስነሳና የሚያቆመውን ተንሳፋፊ ማብሪያ፣ በገመዱ ስቦ ከውሃው አወጣው። ፓምፑ እያጓራ ተነሳ። ፓነሉን የነካ ሰው የለም! ሁላችንም አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልን።

ከዚያ በኋላ ነው ትክክለኛውን አሠራር ያሳዩን። ዋናውን ብሬከር (የኃይል ማቋረጫ) አጠፉ። ጓጉንቸር ቆለፉበት። ስማቸውንና ስልካቸውን የጻፉበት ካርድ አንጠለጠሉ። ቁልፉን ኪሳቸው ከተቱ። ሁለት ሰው ከሠራ ሁለት ጓጉንቸር ይገባል፤ ቁልፉም ከሚሠራው ሰው ኪስ አይወጣም። ቴስተሩን (ኃይል መኖሩን የሚያሳየውን መሣሪያ) መጀመሪያ ኃይል እንዳለው በሚታወቅ ቦታ ሞከሩት፣ ቀጥለው ሦስቱን ፌዝ (ኃይል የሚያመጡትን ሽቦዎች) ለኩ፣ መጨረሻ ላይ ቴስተሩን መልሰው እዚያው ሞከሩት። መሃል ላይ ቴስተሩ ራሱ ተበላሽቶ ቢሆንስ? ሁላችንም በየተራ እስክንችለው ድረስ አሠሩን።

"መብራት ሄዷል" ተብሎ እጅ ፓነል ውስጥ እንዳይገባም ደጋግመው ነገሩን። መብራቱ በማንኛውም ሰዓት ይመጣል፣ ጄነሬተሩም በራሱ ሊነሳ ይችላል። እኔ ይሄ ነጥብ ብቻውን ለሥልጠናው ይበቃል ባይ ነኝ፣ መብራት ሲመላለስ የምናውቅ ሰዎች ነንና።

ክሎሪን ክፍል ስንገባ የዶዚንግ ፓምፑን (ክሎሪን መጥኖ የሚጨምረውን) የኧርዝ ሽቦ፣ ማለትም ያፈተለከ ኤሌክትሪክን ወደ መሬት የሚወስደውን፣ በስሱ ጎተት አደረጉት። እጃቸው ላይ ቀረ። ብሎኑ ጋ መዳቡ አረንጓዴ ሆኖ ተበልቷል። የክሎሪን ጭስ መዳብ ይበላል፤ ከውጭ ሲታይ ግን ሽቦው ደህና ይመስል ነበር። የዚያኑ ቀን ተቀየረ። ለክፍሉ ሶኬቶችም ወደ መሬት የሚያፈተልክ ኤሌክትሪክ 30 ሚሊ አምፔር ሲደርስ የሚቆርጥ መከላከያ እንዲገባ መከሩን። ፌዝና ኒውትራል (የመመለሻውን ሽቦ) አንድ ላይ ለያዘ ሰው ግን እንደማያድን አልደበቁንም።

ኤሌክትሪክ የያዘውን ሰው ሳይነኩ ኃይል መቁረጥን፣ ቀጥሎ ደረት መጫንንም አሠልጥነውናል።

ይህን ማሠልጠን የአሠሪ ግዴታ ነው። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156/2011 ላይም ሠራተኛን ስለ ሥራው አደጋ ማስተማር ሰፍሯል። ስለዚህ ኃላፊዎቻችሁን ሳታፍሩ ጠይቁ። የኛ ኃላፊ ፓምፑ ለሥልጠናው እንዲቆም ስለፈቀዱ እሳቸውንም አመሰግናለሁ፤ ያለዚያ ነገሩ ወሬ ሆኖ ይቀር ነበር።

መምህሩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቃዳቸውን ስለሰጡኝ ስልካቸውን እልካለሁ። ስትጠሯቸው የፓነላችሁን ዲያግራም አዘጋጁ፣ የሌሊት ፈረቃውም እንዳይቀር አድርጉ። መምህር፣ እግዜር ይስጥልን!