በግዕዝ አኃዝ የተሠራው የግድግዳ ሰዓት

ባለፈው ወር መርካቶ ውስጥ አንድ የግድግዳ ሰዓት በ1,850 ብር ገዛሁ። ሰዓቱ ከ፩ እስከ ፲፪ በግዕዝ አኃዝ የተጻፈ ሲሆን፣ ከዳር ያለው የደቂቃ ክብ ደግሞ ፭፣ ፲፣ ፲፭ እያለ ዞሮ አናቱ ላይ በ፷ ይገጥማል። እንድገዛው የገፋፋኝ ግን ካርቶኑ ላይ ያነበብኩት ቃል ነው፦ «በስድሳዊ የግዕዝ አኃዝ የተሠራ»። 31 ዓመት ሒሳብ ሳስተምር ይህን ቅጽል ገበያ ላይ አግኝቼው አላውቅም፤ ደስ አለኝ።

ሆኖም ቃሉ ያለ ቦታው ገብቷል። ስድሳዊ የሚባለው 60 በሞላ ቁጥር ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚሻገር አቆጣጠር ነው። የጥንት ባቢሎናውያን እንዲህ ይቆጥሩ ነበር፤ የሰዓታችን 60 ደቂቃም የወረደው ከእነርሱ ነው። የግዕዝ አኃዝ ግን በአሥር በአሥር ይጓዛል። ከ፲ እስከ ፺ ለየአሥሩ ምልክት አለው፤ ቀጥሎ ፻ ይመጣል። ፷ ላይ ሲደርስ አይሻገርም፤ ፷፩ ብሎ ይቀጥላል። እንግዲህ ስድሳዊው የጊዜው ልክ እንጂ አኃዙ አይደለም።

ይህን አጥብቄ የምናገረው እውነተኛው ስድሳዊ ቆጠራ በራሳችን ቤት ስላለ ነው። በባሕረ ሐሳብ አንድ ዕለት 60 ኬክሮስ ነው፤ አንዱ ኬክሮስ 60 ካልዒት፣ አንዱ ካልዒት 60 ሣልሲት እያለ ይወርዳል። በየዓመቱ ከ365 ቀን የሚተርፈው ሩብ ዕለት 15 ኬክሮስ ይሆናል። አራት ጊዜ 15 ሲደመር 60 ይሞላል፤ ጳጉሜንም 6 ቀን ትሆናለች። ክፍልፋይ የለ፣ ቀሪ የለ! ለተማሪዎቼ ይህን ባስረዳሁ ቁጥር ልቤ ይሞላል።

ወደ ሰዓቱ ልመለስ። ድምፁ ለስላሳ ነው፤ በአንድ ትንሽ ባትሪ ይሠራል፤ እስካሁን አላዛነፈም። ፮ እና ፯ ቀጭን ስለ ተጻፉ ከሩቅ ይምታታሉ፤ መስታወቱም መብራት ሲበራ ያንጸባርቃል። ያም ሆኖ ለዋጋው ጥሩ ዕቃ ነው፤ አኃዙን የሚማር ልጅ ላለው ቤት ያለ ማመንታት ግዙ እላለሁ።

የልጅ ልጄ ካርቶኑን አንብባ «አባባ፣ ስድሳዊ ምንድን ነው?» አለችኝ። ሰዓቱን ከግድግዳው አውርጄ ከፊቷ አስቀመጥኩት። አንድ ኬክሮስ 24 ደቂቃ ስለሆነ፣ አጭሩ ቆጣሪ ከደቂቃው ጭረቶች ሁለቱን ባለፈ ቁጥር አንድ ኬክሮስ ይሞላል። አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጭረቶቹን ሁለት ሁለት እያደረገች ትቆጥራለች።